«ባ» ወይስ «ቦ»? የአንድ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ የፊደልና የቃላት አጻጻፍ ጉዳይ

መነሻ

ተማሪው የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል። የአማርኛ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ሲያነብ እምብዛም አይደናቀፍም። ያነበበውን ሲጠየቅ ይመልሳል። የፊደል ገበታውንም ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት ይወርደዋል። ደብተሩን የገለጠ ሰው ግን የሌላ ልጅ ደብተር ያየ ይመስለው ነበር። ፊደሎቹ ከመስመር ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ቃል መጨረሻው የለም፤ «ሳ» መሆን ያለበት «ሶ»፣ «ቢ» መሆን ያለበት «ቡ» ይመስላል። በቃል ጽሕፈት (መምህርቷ እየተናገሩ ልጆቹ በሚጽፉበት ሥራ) ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ነበር።

በማስታወሻው ላይ በተደጋጋሚ የተጻፈለት አስተያየት «የእጅ ጽሕፈትህን አሻሽል» የሚል ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ትከታለች፦ ፊደሉን የሚሥለው እጅ እና የትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚወስነው ጆሮና ትውስታ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ሁለቱ እስኪለያዩ ድረስ የተደረገው ጥረት ሁሉ ፍሬ ባለማፍራቱ ነው።

መጀመሪያ የታዘዘው

የመጀመሪያው መፍትሔ የተለመደው ነው፦ የተሳሳተውን ቃል አሥር አሥር ጊዜ መገልበጥ። ለሦስት ሳምንት ያህል ቀጠለ። ማታ ማታ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል ያስገለብጡት ነበር። ገጾቹ ሞሉ፤ ውጤቱ አልተነቃነቀም።

ምክንያቱ በገጾቹ ላይ ይታያል። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ከላይ ያለውን ምሳሌ እያየ ይጽፋል። ከአራተኛው በኋላ የሚያየው ምሳሌውን ሳይሆን ራሱ ከላይ የጻፈውን መስመር ነው። አራተኛው ላይ አንድ እግር ካጠረች፣ አሥረኛው ድረስ አጭር ሆና ትወርዳለች። ስለዚህ አሥር ጊዜ መገልበጥ ለዚህ ልጅ ስህተቱን ሰባት ጊዜ መለማመድ ነበር።

ሦስት አጫጭር ፈተናዎች

መምህርቷ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሥራውን እንደገና ጀመሩ። ከማስተማር በፊት ሦስት ፈተና ተሰጠ፤ እያንዳንዱ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም።

በመጀመሪያው፣ ልጁ 20 ቃላት ከሰሌዳ ገለበጠ። የተሳሳተው ሦስት ቦታ ብቻ ሲሆን ሦስቱም የፊደል ቅርፅ ስህተቶች ናቸው።

በሁለተኛው፣ ከሁለት ቀን በኋላ እነዚያኑ 20 ቃላት በቃል ተነግረውት ጻፈ። 14 ቃላት ተበላሹ።

ሦስተኛው ነገሩን ገለጠው። ከገበታው ቅደም ተከተል ውጪ 30 ነጠላ ፊደላት እየተነገሩ እንዲጽፍ ተደረገ። «ዞ» ሲባል ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣቱ ይቆጥራል፦ ዘ፣ ዙ፣ ዚ፣ ዛ፣ ዜ፣ ዝ፣ ዞ። ከዚያ ይጽፋል። ግዕዝና ካዕብ (የየቤተሰቡ አንደኛና ሁለተኛ ፊደል) ቶሎ ይመጡለታል፤ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ (ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው) ግን ዜማውን እስከ መጨረሻው ሳይወርድ አይገኙም። ፊደሉን ያወቀው እንደ መዝሙር ነው፤ መሃሉን ለብቻው ማንሳት አይችልም።

ይህ የጠፉትን የቃል መጨረሻዎች ያስረዳል። ልጁ «መስኮት» ሲባል «ኮ»ን ለማግኘት ዜማውን ሲወርድ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት የነበረው «ት» ያመልጠዋል። ወረቀቱ ላይ «መስኮ» ይቀራል። በግልበጣ ፈተና ላይ ግን ምሳሌው ፊቱ ስላለ መቁጠር አያስፈልገውም። ለዚያም ነው ግልበጣው ንጹሕ የሆነው፤ ለዚያም ነው የግልበጣ ልምምድ ያልጠቀመው። የሚችለውን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ከርሟል።

ስህተቶቹን መደርደር

በ14ቱ ቃላት ውስጥ 23 ስህተቶች ነበሩ። በአራት ክምር ተከፈሉ።

የቅርፅ፦ 8። ልጁ የትኛውን ፊደል እንደሚፈልግ ያውቃል፤ እጁ ግን ሌላ ፊደል ይሠራል።
የድምፅ፦ 6። ግዕዝና ሳድስን ማምታታት («ስም» ሲባል «ሰም»፣ «ብር» ሲባል «በር»)፣ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ሁለቴ መጻፍ («እንናት»፣ «ሁልሉም»)።
የልማድ አጻጻፍ፦ 5። «ትምርት»፣ «ተማሪወች»፣ «ጉዋደኛ» እና መሰሎቻቸው።
የተዘለለ ፊደል፦ 4። ሁሉም በቃል መጨረሻ።

ቅርፅና ድምፅን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ልጁ እንደጻፈ ወዲያው ራሱ እንዲያነበው ማድረግ። «ቦ» የሚመስል ነገር ጽፎ ያለ ማቅማማት «ባ» ብሎ ካነበበው ችግሩ እጁ ላይ ነው። «ቦ» ብሎ አንብቦ ከደነገጠ ደግሞ ሲጽፍ ሐሳቡ ተሰርቆ ነበር ማለት ነው። «ባ ስንተኛ ናት?» ተብሎ «አራተኛ» ካለ ጆሮው ጤናማ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት በጨለማ መድኃኒት እንደማቀበል ነው።

የእጁ ሥራ

ልጁ ግራኝ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ከዚያ የተከተለ ነገር ግን አልነበረም። ከአግዳሚው በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ክርኑ ከጎረቤቱ ቀኝ ክርን ጋር ይጋጫል። ወረቀቱን እንደ ቀኞቹ ስለሚያጋድል፣ የሚጽፈውን ለማየት እጁን ከላይ ቆልምሞ ያዞራል፤ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድም አሁን የጻፈውን በመዳፉ ጎን እየሸፈነ ይሄዳል። በአግዳሚው ግራ ጫፍ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ደብተሩ ከደረቱ መሃል ትንሽ ወደ ግራ ተደርጎ ራስጌው ወደ ቀኝ እንዲያጋድል ተደረገ። እርሳሱንም ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ተነገረው። በጣት ጫፍ ብቻ የምትያዝ ቁራጭ እርሳስ ተወስዳ ረጅም ተሰጠው። እርሳስ ስታጥር ልጅ አጥብቆ ይጫናል፤ ሲጫን ጣቱ ይደክማል፤ የገጹ ታችኛው ግማሽ ከላይኛው የከፋ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ቀጥሎ መስመር። የተለመደው ደብተር መሠረት የሚሆን አንድ መስመር እንጂ የፊደሉን ወገብ የሚያሳይ ምልክት የለውም። የአማርኛ ፊደል የደረጃ ልዩነት ደግሞ በአብዛኛው ያለው ወገብና እግር ላይ ነው። ስለዚህ ለአንድ ፊደል ሁለት የደብተር መስመር ከፍታ ተሰጠ፤ ላይኛው መስመር ራስ፣ መሃለኛው ወገብ፣ ታችኛው እግር ተባለ። ሕጉ ባለ ሁለት እግር በሆኑትና እርስ በርስ በሚመሳሰሉት ቤተሰቦች ተጀመረ፦ በ፣ ሰ፣ ሸ፣ ዘ፣ ደ።

ካዕብ፦ ጭረቱ በቀኙ እግር ወገብ ላይ (ቡ)።
ሣልስ፦ ጭረቱ በቀኙ እግር ግርጌ (ቢ)።
ራብዕ፦ ቀኙ እግር መስመሩን ይረግጣል፣ ግራው ወገብ ላይ ይቆማል (ባ)።
ኃምስ፦ በቀኙ እግር ግርጌ ቀለበት (ቤ)።
ሳብዕ፦ ግራው እግር ይረግጣል፣ ቀኙ ወገብ ላይ ይቆማል (ቦ)።

«ቡ» እና «ቢ» የሚምታቱት ጭረቷ ከወገብና ከግርጌ መካከል ስትንጠለጠል ነው። «ባ» እና «ቦ» ደግሞ አንዱ የሌላው መስታወት ናቸው፤ ልጁ ልዩነቱን ያውቃል፣ ነገር ግን አጭሩን እግር ከረጅሙ በጥቂቱ ብቻ ስለሚያሳጥረው አንባቢ ሁለቱንም «በ» ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። «ወገብ ላይ ይቆማል» የሚለው ቃል ከ«አሳጥረው» የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው፤ «አሳጥረው» መጠን የለውም። ረጅሙን እግር መጀመሪያ፣ አጭሩን በኋላ መሳብም ረድቶታል።

ሳድስ ለብቻው ተያዘ። እንደ ሌሎቹ አንድ ወጥ ምልክት የለውም፦ «ስ» አናቱ ላይ ጭረት ያበቅላል፣ «ብ» በግራ እግሩ ጎን፣ ሌሎቹ ሌላ። እንደ ሕግ ለማስተማር መሞከር ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ሳድስ፣ ከነግዕዙ ጎን ለጎን (በ–ብ፣ ሰ–ስ፣ ተ–ት) እየተጻፈ ተለመደ። «ረ» እና «ፈ»ም ቤተሰቡን የማይመስሉ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ተተዉ። ባለ አንድ እግሮቹ «ተ»፣ «ቸ» እና «ቀ» በመካከል ገቡ፤ ራብዓቸው እግሩን ወደ ግራ ያጥፋል (ታ፣ ቻ፣ ቃ)።

ግልበጣ አልተሰረዘም፤ ቅርፁ ተለወጠ። በአንድ ቃል ከሦስት ጊዜ አይበልጥም፣ ምሳሌውም በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። ከሦስቱ የተሻለውን ልጁ ራሱ ያከብበዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ስህተቱን በራሱ ዓይን ማየት የጀመረው ከዚህ ነው።

ከዜማው መላቀቅ

ግቡ ማንኛውንም ፊደል ሳይቆጥር ማግኘት ነው። ሁለት ልምምድ ተመረጠ።

አንደኛው ገበታውን በአግድም ሳይሆን ቁልቁል መሄድ ነው፦ ቡ፣ ሱ፣ ሹ፣ ዙ፣ ዱ። ቀጥሎ ባ፣ ሳ፣ ሻ፣ ዛ፣ ዳ። ዜማው ስለሚሰበር ልጁ ድምፁንና ምልክቱን ለማየት ይገደዳል። ሁለተኛው የደረጃ ጥሪ ነው፦ «የዘ አምስተኛ» ሲባል «ዜ» ይጽፋል፤ «ዶ» ሲባል «ሰባተኛ» ይላል። በቀን 12 ጥሪ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ።

የድሮ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ከ«ሀ ሁ» በኋላ «አቡጊዳ» የሚመጣው በከንቱ አይደለም፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል በየአንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ደረጃውም ይለወጣል። መምህርቷ ይህንንም አስገቡት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ አቡጊዳንም እንደ መዝሙር ይዞት መጣ፤ ጣቱም እንደገና መቁጠር ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተጠቀሙበት ከመሃል እየጀመሩ ወይም ወደ ኋላ እየሄዱ ነው።

ጆሮው እና የመምህርቷ ድምፅ

ከድምፅ ስህተቶቹ ግማሹ የተፈጠረው ከአስነጋሪው አፍ ነበር። ይህን ያስተዋሉት ከኋላ ተቀምጠው የቃል ጽሕፈቱን ያዳመጡት ባልደረባ ናቸው። መምህርቷ ልጆቹን ለመርዳት ቃሉን ይጎትቱት ነበር፦ «እን–ናት»፣ «ሁል–ሉም»። ልጁ የሰማውን በታማኝነት ጻፈ። «ትልቅ» ደግሞ ሲጎተት «ትልልቅ» ሆነ፤ ይህ ትክክለኛ ሌላ ቃል ነው፣ የብዙ ቁጥር። እንዲህ ያለውን ስህተት በልጁ ስም መመዝገብ ፍትሐዊ አይደለም።

አሠራሩ ተለወጠ። ቃሉ በተፈጥሮ ፍጥነቱ ሙሉ ሆኖ ይነገራል፤ ቀጥሎ በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ለብቻው ይደገማል። ልጆቹ ከመጻፋቸው በፊት ቃሉን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ ይሉታል። መከፋፈል ካስፈለገ የሚከፋፍለው ልጁ ነው፣ በየፊደሉ አንድ ጣት እያነሳ፦ እ፣ ና፣ ት፤ ሦስት ጣት። የጣቶቹ ብዛት ከተጻፉት ፊደላት ብዛት ጋር ይመሳከራል። የቃል መጨረሻን መዝለል ያቆመውም በዋናነት ይህ ማመሳከር ነው።

መጥበቅና መላላት በጽሕፈት እንደማይታዩ በጥንድ ንባቦች ተነገረ፦ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»። ልጆቹ እያንዳንዱን በሁለት መንገድ አንብበው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሠሩ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደል እንደሚጻፉ አዩ። ይህን አንድ ጊዜ በደንብ ከተረዱ በኋላ «እንናት» ከክፍሉ ጠፋ ማለት ይቻላል። ግዕዝና ሳድስን ለመለየት ደግሞ «ሰም–ስም»፣ «በር–ብር»፣ «ቀን–ቅን» በየቀኑ እየተቀያየሩ ተነገሩ፤ ልጁ ከመጻፉ በፊት የሰማውን ትርጉም ያሳያል ወይም ይናገራል።

የልማድ አጻጻፍ

ጆሮ ብቻውን የማይደርስባቸው ቃላት በሳምንት 5 ብቻ ተሰጡ። አካሄዱ፦ አይቶ ማንበብ፣ መሸፈን፣ መጻፍ፣ ገልጦ ማመሳከር። ቃሉ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ ይመለሳል።

ነገር ግን በዘፈቀደ ከመሸምደድ፣ ምክንያት ያላቸውን በምክንያት ማስያዝ ይቀላል። «ትምህርት» ላይ ያለችው «ህ» በንግግር ልትጠፋ ትችላለች፤ «መምህር» ሲባል ግን ትሰማለች፣ ሁለቱ ዘመዶች ናቸው። «ተማሪዎች» ለምን በ«ዎ»? «ልጅ» ሲበዛ «ልጆች»፣ «ቤት» ሲበዛ «ቤቶች» ይሆናል፤ ጆ እና ቶ ሳብዕ ናቸው፣ ስለዚህ ዎም ሳብዕ ነው። ልጁ ይህን በአንድ ትምህርት ያዘው፤ ከዚያ ወዲህ «ወች» ብሎ የጻፈው ጥቂት ጊዜ ነው። «ጓደኛ»፣ «ኳስ»፣ «ቋንቋ» በጣት ቆጠራው ተፈቱ፦ ቋንቋ ሦስት ጣት እንጂ አምስት አይደለም። «በልቷል»፣ «መጥቷል» ግን ከብደውት ቆዩ፤ «በልቶዋል» ብሎ መጻፉ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ስለ ሞክሼ ፊደላት አንድ ውሳኔ ተወሰነ። ሰ/ሠ፣ ጸ/ፀ፣ ሀ/ሐ/ኀ፣ አ/ዐ በቃል ጽሕፈት እንደ ስህተት አይቆጠሩም። በግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ቃላት በመማሪያ መጽሐፉ አጻጻፍ ይጻፋሉ፤ ልጁ በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ቃል በሁለት መንገድ ከጻፈ ብቻ እንዲያስተካክል ይነገረዋል። አንዳንድ ወላጆች ይህን እንደ ቸልተኝነት አይተውታል። ነገር ግን «ዛ» እና «ዞ» ገና ያልተለዩለትን ልጅ «ሥራ» በየትኛው «ስ» እንደሚጻፍ መክሰስ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

ከአቡጊዳው ሌላ ሦስቱ መጠቀስ አለባቸው። በነጠብጣብ የተሠሩ ፊደላትን ማገናኘት ለሁለት ሳምንት ተሞከረ፤ ልጁ ነጥቦቹን ከታች ወደ ላይም፣ ከቀኝ ወደ ግራም ያገናኛቸዋል። ውጤቱ ያማረ ፊደል፣ የተበላሸ የእጅ ልማድ ነው። የሰሌዳ ላይ የፍጥነት ውድድርም ተሞከረ፤ ልጆቹ ወደዱት፣ የዚህ ልጅ አጭር እግሮች ግን በአንድ ቀን እንደገና ረዘሙ። ሦስተኛው የማታው የአንድ ሰዓት ጥናት ነው። እናቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ የሳምንቱን 5 ቃላት ብቻ እንዲያስጠኑት ተነገራቸው፤ መጀመሪያ ላይ ማሳጠሩ ከብዷቸው ነበር። ጥሪ እያደረጉ ደረጃ እንዲጠይቁት ሲነገራቸው ግን ቀላል ሆነ፤ ደብተር ስለማያስፈልግ ሌላ ሥራ እየሠሩም ይጠይቁታል።

እርማትም ተለወጠ። በቀይ የተሞላ ገጽ የቱን መጀመሪያ እንደሚያስተካክል አይነግረውም። የሳምንቱ ዒላማ ራብዕና ሳብዕ ከሆነ የሚታረመው እሱ ብቻ ነው፤ ስህተት ባለበት መስመር ዳር ላይ አንዲት ነጥብ ትደረጋለች፣ ቦታዋን ልጁ ይፈልጋታል።

ከ10 ሳምንት በኋላ

ሥራው በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ነበር፦ 5 ለእጅ፣ 5 ለጥሪ፣ 5 ለቃላት። በአሥረኛው ሳምንት ተመጣጣኝ ክብደት ያላቸው 20 አዲስ ቃላት ተነገሩት። የተበላሹት 5 ናቸው፤ በውስጣቸው 6 ስህተቶች፦ አንድ የቅርፅ፣ ሁለት የድምፅ፣ ሦስት የልማድ። የተዘለለ ፊደል አልነበረም። ጣቱን ለደረጃ ቆጠራ የሚጠቀመው አልፎ አልፎ፣ በሳድስ ላይ ነው።

ያልተፈታውም አለ። አሁንም ቀስ ብሎ ይጽፋል፤ ክፍሉ ሲጨርስ እሱ ሁለት ሦስት ቃላት ይቀሩታል። «ው» እና «ዉ» ይቀላቀሉበታል። ከሁሉም በላይ፣ በራሱ ድርሰት ሲጽፍ የድሮዎቹ ስህተቶች ግማሽ ያህል ይመለሳሉ፤ ሐሳብ ማሰብና ፊደል መፈለግ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ይወድቃል። ለዚህ የተጀመረው አሠራር ድርሰቱን መጀመሪያ ሳይታረም መጨረስ፣ በማግስቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ (ለምሳሌ የቃል መጨረሻን) ለመፈለግ ማንበብ ነው። ውጤቱን ለመናገር ገና ነው።

ወደ ሌላ ክፍል የሚሸጋገረው

ከሦስቱ ፈተናዎች መቅረት የሌለበት ሦስተኛው ነው፤ የፊደል ገበታ መውረድ መቻል ፊደል ማወቅ አለመሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ለመላው ክፍል በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚቆጥሩትን ለመለየት ከንፈራቸውንና ጣታቸውን ማየት ይበቃል። ሁለተኛው ፈተና የሚታረመው ደግሞ በነጥብ ሳይሆን በክምር ነው። «ከ20 6 አገኘ» የሚለው ውጤት ነገ ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ «8 የቅርፅ፣ 4 የተዘለለ» የሚለው ይናገራል።

ክፍሉ ትልቅ ከሆነ ሁሉንም ልጅ በየግሉ መደርደር አይቻልም። በዚህ ጉዳይ የእጁ ሥራ ለአንድ ልጅ የተዘጋጀ ነበር፤ የደረጃ ጥሪው፣ ቁልቁል ንባቡና የጣት ማመሳከሪያው ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለክፍሉ ሁሉ ተሰጡ፣ ተጨማሪ ጊዜም አልወሰዱም። ጥሪውን ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ያካሂዱታል። ጠሪው መልሱን ማወቅ ስላለበት እኩል ይሠራል።

አስነጋሪው መምህር ደግሞ አንድ ጊዜ የራሱን የቃል ጽሕፈት በስልክ ቀድቶ ቢያዳምጥ፣ ወይም ባልደረባ ከኋላ አስቀምጦ ቢያስጽፍ፣ የትኞቹን ፊደላት እንደሚጎትት ያገኛል። በዚህ ክፍል ባልደረባው ራሳቸው የጻፉት ወረቀት ላይ «ሁልሉም» ተገኝቷል።